ጫጫታ የማይደርስበት ማዕዘን

አባቷ የወደቀበት ሲሚንቶ ታጥቦ ነበር። ቢሆንም መሐንዲሷ በዚያ በኩል ማለፍ አልሆነላትም። ከግቢው በር ወደ ቤተ ሙከራው የሚያስገባውን አጭር መንገድ ትታ ሕንጻውን በጀርባው ዞራ ገባች። ከቀብሩ ወዲህ ከእናቷ ቤት ስትወጣ የመጀመሪያዋ ነው፤ የወጣችውም መርማሪው ስላስጠራት ነበር።

የሆነው ይህ ነው። አባቷ የሬዲዮ መገናኛ የሚነድፍ ድርጅት መሥራች ነበር። ግቢው መሃል ባለው የብረት ማማ ላይ አዲስ አንቴና ሊሰቅል በብረት ቅርጫት ተሳፍሮ ወጣ። ቅርጫቱን የሚጎትተው ዊንች ትዕዛዝ የሚቀበለው በሬዲዮ ነው፤ ምልክቱን የነደፈውም ራሱ ሽማግሌው ነበር። ሪሞቱን የያዘችው ከታች የቆመችው ልጁ ናት። ጫፍ ሲደርስ እጁን አነሳላት። እሷም «ቁም» የሚለውን ተጫነች። ዊንቹ ግን «ልቀቅ» የሚለውን ሰማ፤ ቅርጫቱ መሬት ሲያርፍ ገመዱን ለማላላት ብቻ የሚያገለግለውን ትዕዛዝ። ፍሬኑ ተለቀቀ። ሰዎች ሮጠው ሲደርሱ የዊንቹ ትንሽ መስኮት ላይ «ልቀቅ» የሚለው ቃል እንደበራ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የነሳት ነገር አንድ ነው፤ አባቷን የገደለችው እሷ ናት ወይስ አይደለችም? ወይ ምልክቱ መሐንዲሶች ጫጫታ በሚሉት የአየር ላይ ረብሻ ተበላሽቷል፣ ወይ ጣቷ ሌላ ቁልፍ ነክቷል። ቁልፎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ ዝናብ ነበር፤ ወፍራም ጓንት አድርጋ ነበር። እናቷ ከቀብሩ በኋላ አንድ ቃል አልተነፈሰችላትም። ምግብ ታቀርብላትና ፊቷን አዙራ ትሄዳለች።

ደግፎ የያዛት ባሏ ብቻ ነው። ባሏ የድርጅቱ ምክትል ነዳፊ ነበር፤ ሽማግሌው ከተማሪነቱ ጀምሮ እንደ ልጁ ያሳደገው፣ ልጁን የዳረለት ሰው። «ጫጫታ ነው» ይላታል፣ እጇን በሁለት እጁ ይዞ። «አየር ላይ ያለ ጫጫታ ነው የገደላቸው። የማይሳሳት ምልክት የለም። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ የኔ ፍቅር።» ይህን እየደጋገመ ባይላት ኖሮ አእምሮዋን ትስት ነበር። ደግ ሰው ነው ትል ነበር፤ ዕድለኛ ነኝ ትል ነበር።

መርማሪው አጭር፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። ገና ሰላም ሳይላት ወንበር ፈለገ።

«ይቅርታ፣ ቁጭ ሳልል ማሰብ አልችልም» አለ። «ስሚኝ ልጄ፤ ከተጠርጣሪዎቹ አንዷ አንቺ ነሽ፣ አልደብቅሽም። ግን የዚህን ቤት ቋንቋ አላውቅም። ሰው ሳነጋግር አጠገቤ ሆነሽ ታስተረጉሚልኛለሽ። እሺ?»

እሺ ከማለት ሌላ ምን ትላለች።

መጀመሪያ የገባው አጎቷ ነው፤ የሟቹ ታናሽ ወንድም፣ የድርጅቱ ሽያጭ ኃላፊ። ሲያያት ፊቱ ጠቆረ።

«ምኑ ነው የሚጣራው?» አለ። «ተሳሳተች፤ አለቀ! የወንድሜ ልጅ ናት፣ አንጀቴን ይበላኛል፤ ግን እውነቱ ያው ነው። ከመሬት ተነስቶ ጫጫታ፣ ጫጫታ... ጫጫታ ሰው ሲገድል አይቼ አላውቅም።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ከመኪናው መጠለያ ሥር፣ ስልክ ላይ። ዘበኛው አጠገቤ ነበር። ስንጮህ አብረን ነው የጮህነው።»

«ስለ ምልክት ምን ያህል ያውቃሉ?»

«መሸጥ አውቃለሁ» አለና ተነስቶ ወጣ። ሲያልፍ ትከሻዋን ሊነካ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ ተወው። እሷም በልቧ ረገመችው።

ቀጥሎ ቴክኒሻኑ ገባ። የቤቱ ሰው ሁሉ «ልለካ» እያለ ይጠራዋል። ዝናብ ይዘንባል ወይ ብለው ቢጠይቁት ‹ቆይ ልለካ› የሚል ነው እየተባለ ይቀለድበታል። በዚያች ቀን ቅርጫቱ እንዳይወዛወዝ የሚይዘውን ገመድ ይዞ እሷ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ጫጫታ ነው ይባላል» አለው መርማሪው።

«ሳልለካ አልናገርም።»

«ይመስልሃል ወይ ነው ያልኩት።»

«መምሰልን የሚለካ መሣሪያ የለኝም።»

መርማሪው ሳቀ። «እሺ፤ ሽማግሌው በዚያ ዕድሜያቸው ለምን ራሳቸው ማማው ላይ ወጡ?»

ልለካ ወደ መሐንዲሷ አየት አደረገና አንገቱን ደፋ። «ምክትሉ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች የነደፈው አዲስ ሬዲዮ አለ። ስህተቱ ከቁጥር የማይገባ ነው ተብሎ ተፈርሞበታል። ጋሼ ግን ቤት ውስጥ፣ በሽቦ ነው የተለካው አሉ። እሳት ውስጥ ያለ ሰው ይሮጣል፤ ግድግዳ ይከልለዋል፤ ምልክቱ ይወድቃል ይነሳል። ውጭ አውጥተን እንለካ ብለው ስንት ጊዜ ለመኑ። አንቴናው የሚሰቀለው ለዚያ ነበር። ምክትሉ ዛሬ ነገ ሲል ጊዜ ራሳቸው ወጡ።»

የፈረመችው እሷም ናት። ባሏ ወረቀቱን ሲያቀርብላት ቁጥሩን ሳታጣራ ነበር የፈረመችው። ባል ነው፤ የባልን ቁጥር ማን ያጣራል?

መርማሪውና ልለካ ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ፖሊስ በዚያው ቀን፣ ሬሳው ሳይነሳ ያሸገውን ቁም ሣጥን መርማሪው ሲከፍተው በበሩ ክፍተት አየች። ልለካ ከዋናው ሪሞት ጋር አንድ የሆነውን መጠባበቂያ ሪሞት አወጣ፣ ጀርባውን ከፍቶ አሳየው፣ ዘግቶ መለሰው። ምን እንደተባባሉ አልሰማችም።

ባሏ ሲመጣ መርማሪው እሷን አስወጣት። ብዙም አልቆዩ። ባሏ ሲወጣ ግንባሯን ስሞ «አይዞሽ፣ ሁሉንም አስረድቼዋለሁ» አላት።

«አሁን ደግሞ እኔን አስተምሪኝ» አለ መርማሪው። «ይሄ ጫጫታ የምትሉት ሰው የሚገድለው እንዴት ነው?»

አራት ወንበሮች ጎትታ በአራት ማዕዘን አስቀመጠች። «ላኪው ምልክቱን ከእነዚህ ወንበሮች አንዱ ላይ ያስቀምጠዋል እንበል። መንገድ ላይ ጫጫታ ይገፋዋል። ተቀባዩ ያረፈበትን ያይና ለየትኛው ወንበር ይቀርባል ብሎ ይፈርዳል። ጥቂት ከተገፋ ምንም አይደል። አብዝቶ ከተገፋ ግን የጎረቤቱ ወንበር ላይ ይወድቃል። ስህተት የምንለው ያንን ነው።»

መርማሪው ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ዘፍ አለ። «እኔ ‹ቁም› ነኝ እንግዲህ። ጎረቤቶቼ እነማን ናቸው?»

«በዚህ በኩል ‹ውጣ›፤ በዚያ በኩል ‹ውረድ›። ‹ልቀቅ› ደግሞ...» እጇ አየር ላይ ቀረ። «ማዶ ነው። ከእርስዎ በሰያፍ።»

«ማን ነው እንዲህ ያራራቀን?»

«አባዬ። ‹ቁም› ቢሳሳት እንኳ ‹ውጣ› ወይ ‹ውረድ› ይሁን፣ ሰው አይሙት ብሎ።»

«ጫጫታው እኔን አንስቶ ማዶ ሊያስቀምጠኝ አይችልም?»

«ይችላል፤ እጅግ አልፎ አልፎ። ግን አንዴ ማዶ ከመጣልዎ በፊት ስፍር ቁጥር የሌለው ጊዜ ጎረቤት ላይ ይጥልዎታል።»

«በዚያን ቀን ጥሎኛል?»

አልጣለውም። ቅርጫቱ ሲወጣ ሲወርድ፣ ሲቆም ሲሄድ አንዴም አላመነታም ነበር። ይህን ሁሉ ታውቀዋለች፤ ተማሪ ሆና የተፈተነችበት ነው። ያላሰበችው ማሰብ ስላልፈለገች ነው። ጫጫታው ካልሆነ የሚቀረው ጣቷ ነዋ። ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«እንግዲያው እኔ ነኝ» አለች። «እኔ ነኝ የገደልኩት።»

«እንደሱ አላልኩም» አለ መርማሪው። «ሰዎቹን ጥሪልኝ።»

ሁሉም ቤተ ሙከራው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ በሩ ላይ ፖሊሶች ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ የዊንቹ ዓይነት ተቀባይ፣ ጫጫታ የሚያመነጭ መሣሪያና ስክሪን ተደርድረዋል። መርማሪው እንደ ልማዱ ወንበሩን ይዟል።

«ነገሩን በዓይኔ ካላየሁ አይገባኝም» አለ። «ጫጫታው ‹ቁም›ን ‹ልቀቅ› ሲያደርገው አሳዩኝና ወደ ቤቴ ልሂድ። ዋናው ሪሞት ማስረጃ ስለሆነ ታሽጓል። ይኸው መጠባበቂያው፤ እሽጉን ዛሬ እስክፈታው ድረስ ቁም ሣጥኑን ማንም አልከፈተውም። ምክትል ነዳፊ፣ ባለሙያው እርስዎ ነዎት።»

«ችግር የለም» አለ ባሏ። ሪሞቱን ተቀበለ። ጀርባውን ከፈተ፣ ባትሪውን አዙሮ መለሰ፣ ዘጋው፣ ከዚያ ማብሪያውን ተጫነ። አረንጓዴው መብራት በራ። ለሚስቱ አቀበላት። «‹ቁም›ን ተጫኚና ያዢው፣ የኔ ፍቅር።»

ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች በአንዱ ማዕዘን ተሰበሰቡ። ልለካ ጫጫታውን ቀስ በቀስ ጨመረ። ነጥቦቹ እንደተበተነ እህል ሰፉ። አንዳንዱ ድንበር አልፎ «ውጣ» ላይ ወደቀ፤ ሌላው «ውረድ» ላይ። ጨመረ፤ የሁለቱ ጎረቤቶች ስህተት በዛ። ማዶ ያለው ማዕዘን ባዶ ነው። በመጨረሻ ተቀባዩ «ምልክት የለም» ብሎ ጠፋ።

«ጊዜ ይፈልጋል» አለ ባሏ፣ ላቡን እየጠረገ። «ብርቅ ነገር ነው ብያለሁ።»

«ጊዜማ አለን» አለ መርማሪው። «መጀመሪያ ያስቸገረኝ ይሄ ነው። አጎትየው ተሳሳተች አሉ። ሞያውን አያውቁም፤ የመሰላቸውን ተናገሩ። ቴክኒሻኑ አላውቅም አለ። እርስዎ ግን ጫጫታ ነው አሉ። እዚህ ቤት ውስጥ ያ ሊሆን እንደማይችል ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ሚስቱን ሊያጽናና ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ደግ ውሸት ነው አልኩ። ስለዚህ እሷን አስወጥቼ ለብቻዎ ጠየቅሁዎት። ያንኑ ደገሙልኝ። ሚስትዎ በሌለችበት ማንን ነበር የሚያጽናኑት?»

ባሏ ፊቱን ወደ ስክሪኑ አዞረ።

«ጫጫታ ካልሆነ ‹ልቀቅ› የሚለውን ሰው ነው የላከው። የቢሮዎ መስኮት ከዊንቹ በላይ ነው፤ ሚስትዎ ከቆመችበት ይበልጥ ይቀርበዋል። ሁለት ሪሞት በአንድ ጊዜ ሲናገር ዊንቹ የሚሰማው የቱን ነው፣ ልለካ?»

«የቀረበውን። ዊንቹ ሲተከል ለክቼዋለሁ።»

«እስቲ የባትሪውንም ንገራቸው።»

ልለካ ሪሞቱን አመለከተ። «መጠባበቂያው ሁልጊዜ ባትሪው እያለቀ ያስቸግረኛል። በዚያን ዕለት ጠዋት ሞከርኩትና እንዳያልቅ ብዬ ባትሪውን ገልብጬ ከተትኩት። ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ቁም ሣጥኑን አሸገው።»

ሁሉም ወደ ሪሞቱ ዞሩ።

«እኔ ብሆን ማብሪያውን እጫን ነበር» አለ መርማሪው። «ሳይበራ ሲቀር ነው ጀርባውን የምከፍተው። እርስዎ ማብሪያውን ሳይነኩ ባትሪውን አዞሩት። ከጠዋቱ ፍተሻ በኋላና ከእሽጉ በፊት ያንን ሪሞት የከፈተ ሰው ብቻ ነው መገልበጡን የሚያውቀው። ጥንቁቅ ሰው ነዎት፤ ተጠቅመው እንደነበረ መልሰው ገልብጠውታል። እጅዎ ግን አስታወሰ። ሽማግሌው እጃቸውን ሲያነሱ ሚስትዎ ‹ቁም›ን እንደምትጫን ያውቃሉ። ያንኑ ቅጽበት ጠብቀው ‹ልቀቅ› አሉ። ልጄ፣ ጣትሽ አልተሳሳተም።»

ያን ሁሉ ቀን ስትለምነው የነበረ ቃል ነው። ሲመጣ ግን ደስታ አልሆነም። ባሏን አየችው። ፊቱ ያው ፊት ነው፤ ሌሊት ስታለቅስ ያባበላት ፊት። ሲያባብላት ያውቅ ነበር። እንባዋን ሲጠርግላት ያውቅ ነበር። እናቷ ፊቷን ስታዞርባት አጠገቧ ቆሞ ያይ ነበር።

አጎቷ ሊዘልበት ተነሳ፤ ልለካ ያዘው። «እንደ ልጁ ነበርክ እኮ!» እያለ አጎትየው እንደ ሕፃን አለቀሰ።

«ትንሽ ጊዜ ስጡኝ ብዬ ለመንኳቸው» አለ ባሏ፣ ወለሉን እያየ። «አስተካክለው ነበር። ያ የውጭው ልኬት የሬዲዮውን ስህተት ቢያወጣ ሕይወቴ አለቀ። አይሆንም አሉኝ። በሰው ነፍስ አልደራደርም አሉኝ።»

መሐንዲሷ ወደ እሱ ተጠጋች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም።

«አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ሪሞቱን የያዝኩት እኔ ባልሆንስ ኖሮ?»

ቀና ብሎ አያት።

«አላደርገውም ነበር» አለ። «ልለካ ይዞት ቢሆን በነጋታው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ለክቶ ያጋልጠኝ ነበር። አንቺ ግን ያልኩሽን ታምኛለሽ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። አጎቷ ይቅርታ ሊጠይቃት ቀረበ። እጁን ይዛ ጨበጥ አደረገችውና ወደ ኮሪደሩ ወጥታ እናቷ ዘንድ ደወለች። ስልኩ ብዙ ጠርቶ ተነሳ። ከወዲያ ያለው ትንፋሽ ብቻ ነው።

«እማዬ» አለች፤ አሁን ድምጿ ተሰበረ። «እኔ አይደለሁም። አባዬን የገደልኩት እኔ አይደለሁም።»

እናቷ ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያውን ቃል ተናገረቻት።

«ልጄ አጠገብሽ አለ?» አለች። ልጄ የምትለው አማቿን ነው። «እስቲ ስጪው። እሱ ከነገረኝ አምናለሁ።»

በመስኮቱ በኩል የፖሊሱ መኪና በር ሲዘጋ ይታያል።

«እሱ መናገር አይችልም፣ እማዬ» አለች። «ጠብቂኝ፤ መጥቼ እኔ እነግርሻለሁ።»