ያልተሞከሩ ጀግኖች

«ዊኪያችሁ ውሸታም ነው!»

ፀገነት መልእክቱን ደግማ አነበበችው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ወረታ መገንጠያው ላይ ነበር ስልኳ የጮኸው። ላኪው ከደሴ የሚጫወት ልጅ ነው። «ነበልባል በውሃ ይሸነፋል ብላችሁ ጻፋችሁ። በውሃ ስገጥመው ጭራሽ ፈረጠመ። ስንት የለፋሁበት ውድድር ገደል ገባ!»

ነበልባል «ሰባት በር» የተባለው የስልክ ጨዋታ ውስጥ ካሉት ጀግኖች አንዱ ነው። ስለ ጨዋታው በአማርኛ የሚያስረዳ ስላልነበረ ፀገነትና የክፍሏ ልጅ ወንዴ በ2007 ዓ.ም. አንድ ዊኪ ከፈቱ፤ ማንም ተጫዋች ገብቶ የሚያውቀውን የሚጽፍበት ድረ ገጽ። መጀመሪያ ሁሉንም በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ጨዋታው በታደሰ ቁጥር በየገጹ እየዞሩ ማረም ሲሰለቻት ፀገነት ቴምፕሌት ሠራች። የጀግናው ኃይል፣ ፍጥነትና ድክመት አንድ ሠንጠረዥ ላይ አንዴ ይገባል፤ ቴምፕሌቱ ከዚያ እየቀዳ ገጾቹን በራሱ ይሞላል። አንድ ቦታ ሲታረም ሁሉም ይታረማል። በዚህ ስትኮራ ነው የከረመችው። አንድ ቦታ ሲሳሳቱ ሁሉም እንደሚሳሳት ግን አላሰበችም።

ማን ምን እንደጻፈ የሚያሳየውን የለውጥ ታሪክ ከፈተች። የአዳዲሶቹን ጀግኖች መረጃ ያስገባው ወንዴ ነው።

ቤት እስክትደርስ ድረስ የውይይት ገጹ በቁጣ ተሞልቶ ጠበቃት። «ይሄን የሠራ ይባረር» ይላል አንዱ። «ቴምፕሌቱ ራሱ ይጣል» ይላል ሌላው። ይህኛው አናደዳት። «ጥፋቱ የቴምፕሌቱ አይደለም፤ የወንዴ ነው» ብላ ጻፈች። ግን ሳትልከው አጠፋችው። ወንዴ እኮ አብሯት ከምንም የጀመረ ልጅ ነው።

ወንዴ ለሩዝ አጨዳ ወላጆቹ ጋ ወደ ገጠር፣ ቁሐር ሚካኤል ሄዷል። ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ተከተለችው።

«ኧረግ! የወንዴ ጓደኛ ነሽ?» አሉ እናቱ፣ እትየ ይታይሽ። «ምነው፣ በደኅና?»

«በደኅና ነው እትየ። እርስዎ እንዴት ነዎት? ወንዴን ፈልጌ ነው።»

«ያውልሽ፣ ከማሳው ነው።»

ወንዴ የታጨደውን ሩዝ እየሰበሰበ ነበር። ሲያያት ፈገግ አለ፤ ፊቷን ልብ ሲል ፈገግታው ጠፋ።

«ነበልባልን በውሃ የሞከርኸው መቼ ነው?» አለችው።

«ድሮ ነዋ።»

«አትፎግረኝ፣ ወንዴ።»

ወንዴ ነዶውን አስቀመጠ። «አልሞከርሁትም» አለ። «ስልኬ መስከረም ላይ ማሳው ውሃ እንደያዘ ከኪሴ ወድቆ ሰጠመ። ከትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ዊኪው ላይ መጻፍ እችላለሁ። ጨዋታው ግን ያለ ስልክ አይከፈትም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርኸኝም?»

«የማይጫወት ሰው የጨዋታ ዊኪ ምን ያደርግለታል እንዳትሉኝ ፈርቼ ነዋ።»

«እሺ፣ የማታውቀውን ባዶ ብትተወውስ?»

ወንዴ ቀና ብሎ አያት። «ባዶ ሲሆን ያንቺ ቴምፕሌት ምን እንደሚል ረሳሽው? ‹ስህተት! ሁሉም ሳጥን ይሞላ!› እያለ ገጹን በቀይ ይሞላዋል። ቀዩ እንዲጠፋ የመሰለኝን ጻፍሁ።»

ያንን ቀይ ጽሑፍ ሰነፎች ይፍሩት ብላ ያስገባችው ፀገነት ራሷ ናት። ሰው የማያውቀውን «አላውቅም» የሚልበት ቦታ አልተወችም።

«ቢሆንም ዋሽተሃል» አለች ቀስ ብላ።

«ዋሽቻለሁ።»

ጭዱ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኔትወርኩ እየመጣ እየሄደ አስቸገራቸው። ፀገነት በስልኳ ቴምፕሌቱን ከፍታ ቀዩን መስመር አጠፋች፤ በምትኩ ሳጥን ባዶ ሲሆን «ገና አልተሞከረም፤ የሞከረ ይጻፍልን» የሚል እንዲወጣ አደረገች። ከዚያ ስልኩን ለወንዴ ሰጠችው። ከራሱ የፈጠረውን እየለየ ከሠንጠረዡ አወጣ። አንድ ባጠፋ ቁጥር ገጾቹ ሁሉ አብረው ተለወጡ። ሲጨርስ ሳይጠየቅ የውይይት ገጹን ከፈተና ጻፈ፦ «ሳልሞክር የሞላሁት እኔ ነኝ። ወንዴ። ይቅርታ።»

ፀገነት ስልኩን ተቀብላ ከሥሩ ጨመረች፦ «ባዶ መተውን የከለከልሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ፀገነት።»

ስልኩ ድምፅ አሰማ። ወቀሳ መስሏቸው ጎንበስ ብለው አዩ። ከባዶዎቹ ሳጥኖች አንዱ ተሞልቷል፤ ከጎኑም «ዛሬ ሞክሬው ነው» ይላል።

«ማን ነው?» አለ ወንዴ።

«እኔ እንጃ። ከዚህ በፊት ጽፎ አያውቅም።»

ከማሳው ማዶ አባቱ ሲጣሩ ወንዴ ተነሣ።

«ሰኞ ከትምህርት በኋላ ትመጣለህ» አለችው። «በእኔ ስልክ አንተ ትጫወታለህ፣ እኔ እጽፋለሁ።»

«ብሸነፍስ?»

«መሸነፍህንም እንጽፈዋለና» አለችና እሷም ነዶ ልትሰበስብ እጅጌዋን ሰበሰበች።