የናርዶስ አስታማሚ

ስህተቱ የተሠራው አንዲት የማታውቃት ሴት እናቷ ነኝ ብላ ስትፈርም ናርዶስ ዝም ባለች ጊዜ ነው።

ሐኪሙን የመረጠችው ሰው ሁሉ እንደሚመርጠው ነበር። ሆዷን ማቃጠል ከጀመራት ስምንት ወር ሆኗታል። መጀመሪያ ከፋርማሲ እንክብል እየገዛች ዋጠች፤ አልሻል ሲላት የቢሮው ሰው ሁሉ ሐኪም ሆነባት። ጋሽ ተድላ ተልባ አዘዙላት። አጠገቧ የምትቀመጠው ሃይማኖት ደግሞ የሦስት የጨጓራና አንጀት ስፔሻሊስቶችን ስም በቁራጭ ወረቀት ጻፈችላት። የመጀመሪያው ጎበዝ ነው፣ ግን በሽተኛ ይቆጣል። የሁለተኛው ወረፋ ሁለት ወር ነው። በሦስተኛው፣ በዶክተር ይልቃል ላይ ግን ማንም ክፉ ሲናገርባቸው ሰምታ አታውቅም።

"ደግስ?"

"እሱንም አልሰማሁም።"

ሦስተኛው ጨጓራዋን በቱቦ ለማየት ለሐሙስ ከሰዓት ቦታ ነበራቸው፤ ናርዶስ መጠበቅ ስለማትወድ እሳቸውን መረጠች። ደብረ ብርሃን ለምትኖረው እናቷ ምንም አልተናገረችም። እናቷ ከሰማች ያገኘችው መኪና ላይ ተሳፍራ ትመጣና ውጤቱ ሳይታወቅ ማልቀስ ትጀምራለች።

ክሊኒኩ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ደረጃውን ከትናንት ጀምሮ ምንም ባልቀመሰ ሆዷ እየተጎተተች ወጣችው። የመጠበቂያው ክፍል መስኮቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ግድግዳ የተከፈተ በመሆኑ ቀኑ እዚያ ሳይደርስ የቀረ ይመስላል፤ ዴቶልና የረጠበ ሹራብ፣ የተራበ ሰው ትንፋሽም ይሸታል። በአግዳሚዎቹ ላይ በሽተኞች በባዶ እግራቸው ተቀምጠዋል። ከእያንዳንዳቸው አጠገብ የበሽተኛውን ጫማ በፌስታል ታቅፎ የሚጠብቅ አስታማሚ አለ።

"አስታማሚሽስ?" አለቻት የካርድ ክፍሏ ልጅ።

"ብቻዬን ነኝ።"

"ያለ አስታማሚ አናደነዝዝም እህቴ። ሰው ይዘሽ ነይ። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።"

"ሃያ ስምንት ዓመቴ እኮ ነው! ራሴ ልፈርም።"

"ሰማንያም ቢሞላሽ ዘመድ ያስፈልጋል።"

ከጀርባዋ አንድ እጅ ተዘርግቶ እስክሪብቶውን አነሳ። ግራጫ ሹራብ የለበሰች፣ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት ሴት ነበረች። "እኔ አለሁላት" አለች። "እናቷ ነኝ።"

ናርዶስ የደግ ሰው ውሸት መሰላት። ሦስት ሳምንት ደግሞ ብዙ ነው። ጫማዋን አወለቀች፣ ቦርሳዋንና ስልኳን ሰጠቻት፣ አጠገቧ ተቀመጠች። ያን ጊዜ ዴቶሉም፣ የሹራቡም፣ የሰዉም ሽታ ጠፋ። በሴትዮዋ ዙሪያ ባለው አየር ውስጥ ምንም ዓይነት ሽታ አልነበረም። ናርዶስ ጥቂት ራቅ አለች፤ ሽታው ተመለሰ።

ዶክተር ይልቃል ድምፃቸው ለስላሳ ነው። ናርዶስን ምርመራ ክፍሉ አልጋ ላይ አስተኟትና ፊታቸውን አብራ ወደ ገባችው ሴትዮ አዞሩ።

"መቼ ጀመራት?"

"በመስከረም ነው" ልትል ናርዶስ አፏን ስትከፍት ሴትዮዋ ቀደመቻት።

"በመስከረም ነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳታል። ትራሷን ሆዷ ላይ አጣጥፋ እስኪነጋ ትቀመጣለች።"

ናርዶስ ይህን ለሃይማኖት እንኳን ነግራት አታውቅም።

"ድሮስ ሆዷን ያማት ነበር?"

"በአራት ዓመቷ የካፖርት ቁልፍ ውጣብኝ፣ ሦስት ቀን ፖፖ ስጠብቅ ሰነበትኩ!" ሴትዮዋ ሳቀች፤ ዶክተሩም አብረዋት ሳቁ።

"እርስዎ ማነዎት?" አለች ናርዶስ። ነገር ግን መርፌው ክንዷ ውስጥ ገብቶ ነበር፣ ምላሷም ከብዷል። ጥቁሩ ቱቦ ወደ አፏ ሲቀርብ፣ የሚመጥ ነገር ድምፅ ከክፍሉ ጥግ ሲነሳ፣ ከጆሮዋ አጠገብ አንድ ትንፋሽ ከራሷ ትንፋሽ ጋር እኩል እየወጣና እኩል እየገባ ሰማች። የራሷ ቆም ሲል ያኛው ግን ቀጠለ።

ስትነቃ ከመጋረጃው ወዲያ ዶክተሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ይናገሩ ነበር። ያን ድምፅ ታውቀዋለች፤ አባቷ የሞተ ጊዜ ጎረቤቶች በር ላይ ቆመው ያወሩት በዚህ ድምፅ ነው።

"ምን ያህል ጊዜ ቀራት?" አለች ሴትዮዋ።

መልሱን የጄኔሬተሩ ጩኸት ዋጠው። ጋብ ሲል የተሰማው "ለእሷ አንንገራት" የሚለው ብቻ ነበር።

መጋረጃው ተገለጠ። ሴትዮዋ ቡናማ ፖስታ በብብቷ ይዛ ገባችና የናርዶስን ፀጉር ዳበሰች። ዓይኗ ደረቅ ነበር። "ምንም አይደለም ልጄ። ጨጓራ ብቻ ነው አሉ።"

ናርዶስ ተነስታ ተቀመጠች። "ዶክተር፣ ይህች ሴትዮ እናቴ አይደለችም። አላውቃትም። ውጤቱን ለእኔ ይንገሩኝ።"

"ማደንዘዣው አለቀቀሽም" አሉ ዶክተሩ በፈገግታ። "ባለፈው ሳምንት አንዱ እኔን አባቴ ነህ ብሎ ሲስመኝ ነበር።"

"ሆዱ የእኔ ነው! ያያችሁት ምንድነው?"

"ለቤተሰብ ነግረናል። አንቺ አትጨነቂ።"

ስልኳን ከሴትዮዋ እጅ መነጨቀች፣ "እማዬ" የሚለውን ስም ነካች። "አሁን ከእናቴ ጋር ይነጋገራሉ።"

ስልኩ እዚያው ክፍል ውስጥ ጠራ፤ ከግራጫው ሹራብ ስር።

ሴትዮዋ የራሷን ስልክ አውጥታ አየች። ፊቷ በደስታ በራ። "ይቅርታ ዶክተር፣ የደወለችው ልጄ ናት። ይህቺ ልጅ እውነቷን ነው፤ እኔ እናቷ አይደለሁም።"

ዶክተር ይልቃል ናርዶስን ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት፣ ከዚያም ማን እንዳመጣት ለማወቅ አጠገቧ ወዳለው ባዶ የአስታማሚ ወንበር ዞሩ።

"አቤት ናርዶሴ፣ ደህና ገባሽ?" አለች ሴትዮዋ በናርዶስ እናት ድምፅ። ናርዶስ ከንፈሯን እንደገጠመች፣ በጆሮዋ ላይ በያዘችው ስልክ ውስጥ የራሷ ድምፅ "ደህና ገባሁ እማዬ፣ ሆዴም ተወኝ" ብሎ ሲመልስ፣ ሴትዮዋ ፖስታውን እንደያዘች ወጥታ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።