የተናደደችው ትርሲትና ብርቱኬ

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ዛሬ የማወራላችሁ በጣም ስለተናደደች ልጅ ነው።

ልጅቷ ትርሲት ትባላለች፤ ስድስት ዓመቷ ነው። ብርቱኬ የሚባል ብርቱካንማ ዓሣ አላት።

ብርቱኬ የሚኖረው ሳሎን ውስጥ፣ በመስታወት ገንዳ ነው። ቀኑን ሙሉ አፉን ይከፍታል፣ አፉን ይዘጋል። ቡልቅ! ቡልቅ!

ቅዳሜ ቅዳሜ የብርቱኬ ገንዳ ይጸዳል። ይህ የትርሲት ሥራ ነው፤ የሌላ የማንም አይደለም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ግን የትርሲት እጅ ላይ ቀያይ ነገር ሽፍ ብሎ ተገኘ። አሳከካት። አከከችው፣ አከከችው፣ ጭራሽ አቆሰለችው።

እናቷ ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ እጇን አገላብጣ አየችና የሚቀባ መድኃኒት ሰጠቻት።

ከዚያ እናቷ ስለ ዓሣው አነሳች። ነርሷም ቁስሉ እስኪድን ድረስ ትርሲት እጇን የዓሣው ውሃ ውስጥ እንዳትከት ከለከለች። ውሃው ንጹሕ ቢመስልም በዓይን የማይታዩ ጀርሞች አሉበት፤ በቆሰለ ቆዳ ሾልከው ይገባሉ።

ትርሲት መሬቱን ረገጠችው። ዷ! ዷ! «ተናድጃለሁ! በጣም ተናድጃለሁ!»

እናቷ በስልክ ነግራው ስለነበር፣ ቤት ሲደርሱ አባቷ እጅጌውን ሰብስቦ ጠበቃቸው። ዛሬ ገንዳውን የማጸዳው እኔ ነኝ አለ።

አባቷ! መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬን አያችሁ ወይ የሚለው አባቷ!

ዷ! ዷ! «ተናድጃለሁ! በጣም ተናድጃለሁ!»

አባቷ ባልዲ ሊያመጣ ወጣ። ትርሲት ገንዳው አጠገብ ብቻዋን ቀረች። አንድ ጣት ብቻ ብነክር ምን ይሆናል ብላ አሰበች።

ነከረች። ቁስሉን አቃጠላት። ጣቷ ላይ የነበረው የመድኃኒቱ ቅባትም ውሃው ላይ ተንሳፈፈ፤ እንደ ወጥ ዘይት ተዘረጋ።

ብርቱኬ ሸሽቶ ጥግ ገባ። ቡልቅ ቡልቅ ማለቱንም ተወ።

አሁን ትርሲት በራሷ ተናደደች። በራስ መናደድ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል፤ የሚረግጡት መሬት እንኳ አይበቃም።

ዝም ልበል ይሆን ብላ አሰበች። ግን ብርቱኬን አየችው። ሮጣ ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት።

እናቷም ተናደደች። ቢሆንም በመጀመሪያ የትርሲትን እጅ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠበችላት፤ የተቆጣቻት ከዚያ በኋላ ነው።

አባቷ ረጅም የላስቲክ ጓንት አጠለቀ። ተንሳፋፊውን ቅባት በሶፍት ከላይ ከላይ ገፈፈው። ቀጥሎ በቀጭን ጎማ ጥቂት ውሃ ወደ ባልዲው ቀነሰ። ሽርርር!

አሁን የጎደለው ውሃ መተካት አለበት። ያን ቀን ደግሞ ስትናፈቅ የከረመችው የቧንቧ ውሃ መጥታ ነበር። በር ላይ ጀሪካኖች ጢም ብለው ተደርድረዋል።

አባቷ አሁን የተቀዳውን ጀሪካን አነሳ። ክዳኑን ከፈተ። ወደ ገንዳው አዘነበለ።

«አባዬ፣ ቁም!» አለች ትርሲት። «ያላደረ ውሃ አይገባም!»

አባቷ ቆመ። ያላደረ ውሃ ምን እንደሆነ አያውቅም ነበር።

ትርሲት እየተቆጣች ነገረችው። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ጀርም የሚገድል መድኃኒት አለ፤ ለእኛ ጥሩ ነው፣ ዓሣን ግን ይጎዳል። ስለዚህ እሷ ሁልጊዜ ዓርብ ማታ ከጀሪካን ውሃ በሰማያዊው ባልዲ ቀድታ፣ ሳትከድን ታሳድራለች። ትናንትም አሳድራለች።

አባቷ ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። ደነገጠ።

«ልገድለው ነበር እኮ» አለ።

«ይኸው፣ ሥራው የኔ ነው!» አለች ትርሲት። ዷ! ዷ!

አባቷ ጎንበስ ብሎ ዓይን ዓይኗን አያት። «ልክ ነሽ። ዛሬ እጁ የኔ ይሁን፣ ሥራው ግን ያንቺ ነው። እዘዢኝ» አላት።

ትርሲት ወንበር ላይ ወጣች። እጆቿን ኋላዋ አጣምራ፣ ቅንድቧን ቋጥራ ታዝዝ ጀመር።

«ሰማያዊውን ባልዲ አምጣ።» እሺ፣ አለቃ!

«ቀስ እያልክ አፍስስ።» እሺ፣ አለቃ!

«መስታወቱን በስፖንጁ ጥረገው። ሳሙና እንዳታስነካው።» እሺ፣ አለቃ!

ውሃው ጠራ። ሁሉም ጠበቁ። ብርቱኬ ከጥጉ ትንሽ ወጣ፤ አሁንም ትንሽ ወጣ።

ቡልቅ! ቡልቅ!

ትርሲት ጣቷን በመስታወቱ ላይ በውጭ በኩል አደረገች። ብርቱኬም በውስጥ በኩል መጥቶ አፉን እዚያው ላይ አደረገ።

ማታ እናቷ እጇን ቀብታ ብርድ ልብሱን አለበሰቻት። አሁንም ተናደሻል ወይ ብላ ጠየቀቻት።

ትርሲት አሰበች። «ትንሽ» አለች።

ከብርድ ልብሱ ሥር እግሯ ቀስ ብሎ ፍራሹን መታ። ዷ። አንድ ጊዜ ብቻ።

ከሳሎን በኩል ብርቱኬ መለሰላት። ቡልቅ።

ታሪኬ ይኸው ነው። እጃችሁን የታጠባችሁ ተኙ፤ ያልታጠባችሁ ተነሡ።