ሞተሪኖው እጄ ላይ እያለ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የሚያወራ ሰው ሲያጋጥመኝ «ሂድና ተኛ» የምል ሰው ነኝ፣ ደግሞም ጴንጤ ነኝ፣ በተዝካር አላምንም፣ መካኒክ ስለሆንኩ የማምነው ቴስተሬን ነው፣ እና አሁን የምነግራችሁን ለራሴም ማመን አቅቶኛል።

ጋሼ ተፈራ እዚህ ስደት አገር፣ ኢስትሙር በሚባለው ሰፈር ጎረቤቴ ነበሩ። ኮቪድ ይዟቸው ከሆስፒታል ደወሉልኝና በዚያ በሚቆራረጥ ትንፋሻቸው «የቫኗ ሞተሪኖ እያስቸገረ ነው፣ ጽጌ መንገድ ላይ እንዳትቀር፣ አደራ እይላት» አሉኝ፣ እኔም ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር «ነገ አየዋለሁ ጋሼ» አልኩ። ስልኩን እንደዘጉ ጉሮሯቸው ውስጥ ቱቦ ገባ፣ ከዚያ ወዲያ ከማንም ጋር አንድ ቃል ሳያወሩ አረፉ። ይህን ለባለቤታቸው ለእትዬ ጽጌ መንገር አፈርኩ።

የአርባቸው ዕለት ማለዳ እትዬ ጽጌ እያለቀሱ ደወሉ።

«ልጄ፣ ቫኗ ስታርት አላደርግ አለችኝ! የተዝካሩ ዳቦ በሙሉ ውስጧ ነው፣ ቅዳሴው ሊያልፈኝ ነው!»

የእኔን መኪና ሚስቴ ኦቤትስ ከተማ ወዳለው የመጋዘን ሥራዋ ይዛት ሄዳለች፣ ሌሊቱን በጣለው በረዶ ምክንያት ኡበር ታክሲም የለም፣ ስለዚህ ያችኑ ቫን ለመሥራት ዕቃዬን ተሸክሜ በእግሬ ሄድኩ። ባትሪው ሙሉ ነው። ቁልፉን ሲያዞሩት ቀጭ ይላል፣ ኤሌክትሪኩም ሞተሩን አዙሮ እስከሚያስነሳው እስከ ሞተሪኖው ይደርሳል፣ ሞተሪኖው ግን ፍንክች አይልም፣ ተቃጥሏል ማለት ነው። የባትሪውን ገመድ ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ፈታሁ፣ ደግነቱ ከላይ የሚወጣ ዓይነት ነውና ሞተሪኖውን መዝዤ አወጣሁት።

«እትዬ፣ ይሄ አለቀለት። አዲስ ለመግዛት ፓርት ስቶሩ እስኪከፍት እንጠብቅ እንጂ ሌላ መላ የለም።»

ይህን ስል ከኮፈኑ ሥር ቀጭ አለ።

«ኧረ እትዬ ቁልፉን ይተዉት!»

«መች ነካሁት?» ቁልፉን በመስኮት አውጥተው አሳዩኝ።

እመኑኝ፣ ገመዱ እንደተነቀለ ነው፣ ዓይኔ እያየው፣ ደግሞ ቀጭ አለ። እትዬ ጽጌ ቁልፉን መልሰው ከተቱና «ተፌ፣ ዛሬስ ሰው ፊት አታሳፍረኝ» ብለው አዞሩት፣ ሞተሩም ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሳ። ሞተሪኖው እጄ ላይ ነው! አንዴ እሱን፣ አንዴ ሞተሩን እያየሁ «በኢየሱስ ስም» አልኩ።

«ተባረክ ልጄ፣ ሠራህልኝ!» አሉኝ። ኮፈኑን እንዴት እንደዘጋሁት አላውቅም። ቅዳሴው ሳይጀመር ደረሱ።

ከዚያ ወዲህ ያቺ ቫን አንድ ቀን እምቢ ብላቸው አታውቅም። አዲስ ሞተሪኖ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ኮፈኑን ለመክፈት ግን ፈራሁ፣ እሳቸው «ና ዘይት ቀይርልኝ» ባሉኝ ቁጥር «ነገ» እላለሁ። ባለፈው ሳምንት ሲደውሉ ያንኑ አልኳቸው።

«ተፈራም ከሆስፒታል ሲደውልልህ ነገ ነበር ያልከው» አሉኝ፣ ሳይቆጡ።

«እትዬ፣ ይህን ማን ነገረዎት?» አልኩ። በስልኩ ውስጥ ቀጭ ሲል ሰማሁ፣ ቀጥሎም ቫኗ ተነሳች።