ስልሳ አምስተኛው ፊደል

ሰውየው ጋዜጣውን አጠፈ። ምልክቱ ይህ ነበር።

ወስፌ የመናኸሪያውን መጠበቂያ አዳራሽ አቋርጣ መጣችና አንድ ባዶ ወንበር በመካከላቸው ትታ ተቀመጠች። እኩለ ቀን ነው። መንገደኛው ሻንጣውን እየጎተተ ይተራመሳል፤ የድምፅ ማጉያው ይለፈልፋል። ፍላሽ ያለበትን የመነጽር ማኅደር ባዶው ወንበር ላይ አኖረች።

ወስፌ የምስጢር ስሟ ነው። በሌላ ስም፣ በሶፍትዌር ፈታሽነት ሽፋን፣ አንድ ኩባንያ ውስጥ ከገባች ስምንት ወር ሆኗታል። ኩባንያው የሚሠራው በረኛ ነው፤ ወደ ኔትወርክ የሚገባውን ሁሉ «ማን ነህ? የይለፍ ቃልህስ?» ብሎ የሚጠይቅ ሶፍትዌር። አራት መቶ መሥሪያ ቤቶች እሱን አምነው ይተኛሉ። ሆስፒታሎችም ጭምር። ከኩባንያው ውስጥ አንድ ሰው የበረኛውን ድክመት ለውጭ ሰዎች ያቀብላል ተብሎ ነበር፤ እሷም ከደኅንነት መሥሪያ ቤቱ የተላከችው ድክመቱንም ሰውየውንም እንድታገኝ ነው።

ድክመቱን ከስድስት ሳምንት በፊት አገኘችው። ሪፖርቷንም አጠገቧ ለተቀመጠው አለቃዋ አስረከበች። የእሱ የምስጢር ስም «አጎቴ» ነው። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው፤ ስትታመም ሐኪም ቤት የወሰዳትም እሱ ነው።

«ድክመቱን የሚደፍነው መጣፊያ አለቀ?» አላት ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ።

«አልቋል። ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ።»

«ከዚህ ከፍላሹ ሌላ ቅጂ አለ?»

«ጋሼ ኮምፒዩተር ላይ።»

«አጥፊው።»

ወስፌ ዞር ብላ አላየችውም። «ዛሬ ለሁሉም ደንበኞች ይለቀቃል አላሉኝም?»

«ይቆያል። የምንፈልገው ሰው ጋሼ የምትዪው ሽማግሌ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንይዘዋለን። አንቺ ቅጂውን አጥፊና ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ማኅደሩን ኪሱ ከተተና ከመንገደኛው ጋር ተቀላቀለ።

ወደ ቢሮ ስትመለስ ነገሩ አልዋጥ አላት። ጋሼ በረኛውን ከሃያ ዓመት በፊት የጻፉት መሐንዲስ ናቸው። ድክመቱን፣ ያንን ቀዳዳ፣ ጋሼ ሲነግሯቸው ኃላፊዎቹ «ደንበኛ ይደነግጣል» እያሉ ሦስት ጊዜ መለሷቸው። እሳቸው ግን በገዛ እጃቸው መጣፊያውን ጻፉ፤ እሷም ፈተሸችላቸው። ቀዳዳ የሚሸጥ ሰው ቀዳዳ ይደፍናል?

ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ፖስታ ጠበቃት። ከትናንት በስቲያ ኔትወርኩ የተሰበረበት ሆስፒታል ቴክኒሽያን፣ የገባውንና የወጣውን የሚያሳየውን መዝገብ አትሞ ልኮ ነበር። ከላይ በእጁ አጭር ደብዳቤ ጽፎበታል። የደም ክፍሉ መዝገብ ስድስት ሰዓት ተቆልፎ እንደዋለ፣ ሐኪሞቹ የትኛው ደም ለማን እንደሆነ ማወቅ እንዳቃታቸው፣ አንዲት አራስ ደሟ ፈስሶ እንዳለቀ ይናገራል። መጨረሻው ላይ «በራችሁ ማንን ነው የሚጠብቀው?» ይላል።

ወስፌ መዝገቡን ገለጠች። ሰባሪዎቹ የገቡበትን ስም አየች።

ፊደሎቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረቻቸው።

ቀዳዳው እንዲህ ነበር፤ አንድ ሰው ከስልሳ አራት ፊደል የበለጠ ስም ከሰጠ በረኛው ይደናበርና የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ ያስገባል። እሷ ይህን ለማሳየት ሪፖርቷ ላይ አንድ የውሸት ስም ፈጥራ ነበር። «ክፈትልኝ» የሚለውን ቃል አሥራ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ጻፈችው፤ ስልሳ አምስት ፊደል። ስትቸኩል ሰባተኛው ላይ ተሳስታ «ክፈትልን» ብላለች።

የሆስፒታሉ መዝገብ ላይ ያው ቃል አሥራ ሦስት ጊዜ ተደርድሯል። ሰባተኛው «ክፈትልን» ነው።

ስሕተቷን እንኳ አላረሙትም።

ያንን ሪፖርት ያነበበው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሌባው ኩባንያው ውስጥ አልነበረም። ሌባው ጋዜጣ አጥፎ የሚጠብቃት ሰው ነው፤ ቁልፉን ቀርጻ በእጁ ያስቀመጠችለት ደግሞ እሷው ራሷ። ቆሽቷ አረረ። መጮኽ አማራት፤ ጥርሷን ነክሳ ተነሣች።

ስምንት ሰዓት ከአርባ ሆኗል።

ጋሼን ክፍላቸው ውስጥ አገኘቻቸው። በሩን ዘግታ ማን እንደሆነች፣ ማን እንደላካት፣ ሪፖርቷ ምን እንዳደረገ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይም ሊይዟቸው እንደሚመጡ ሳታስተባብል ነገረቻቸው። መዝገቡን እስከ መጨረሻው አነበቡ። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ስምንት ወር ሙሉ ስትሰልዪኝ ነበር በይኛ» አሉ።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ተቆጥቻለሁ። በጣም ተቆጥቻለሁ። ግን የአንቺ ተራ ገና ነው።» የፊርማ ካርዳቸውን ከአንገታቸው አወለቁ። «አይጥ በበላ ዳዋ ሊመታ ነው። ይመታ። ቀዳዳው ግን ዛሬ ይደፈናል። ካርድሽን አምጪ።»

መጣፊያ የሚለቀቀው በጻፈውና በፈተሸው ሰው ካርድ ነው። ለአራት መቶው ተከፋፍሎ እስኪያልቅ አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈጃል፤ እስከዚያ ሁለቱም ካርዶች ከማሽኑ መነቀል የለባቸውም። ወስፌ ከመጣፊያው ጋር ለደንበኛው በሚላከው መግለጫ ላይ ሁለት ገጽ አከለች፤ የሆስፒታሉን መዝገብና አጎቴ ፈርሞ የተቀበለውን ሪፖርቷን።

አዝራሩን ተጫነች።

አራተኛው ደቂቃ ላይ ስልኳ ጮኸ፤ የደኅንነት መሥሪያ ቤቱም ከአራት መቶው አንዱ ነው፣ መግለጫው ደርሶታል።

«እጅሽን አንሺ» አለ አጎቴ። የመኪና ድምፅ ይሰማል።

«አንዲት አራስ ሞታለች።»

«ማንም ሊገድላት አልፈለገም። የአንድ በሽተኛ ፋይል ነበር የምንፈልገው።»

«ሌላውን መዝገብ ለምን ቆለፋችሁት?»

ሹፌሩን «ፍጠን» ሲለው ተሰማት።

«ዱካችሁን ለማጥፋት ነው» አለች። «ለዱካችሁ ብላችሁ!»

«ስሚኝ፣ ልጄ። ካላቆምሽው አንቺ የምትባል ሰው አትኖርም። መታወቂያሽም ታሪክሽም ይጠፋል፤ ማንም አንቺን አያውቅም።»

«ድሮስ መቼ ኖሬ አውቃለሁ?»

ዘጋችው።

ሰባተኛው ደቂቃ። ከታች የመኪና በሮች ተከታትለው ተዘጉ። ጋሼ በመስኮት አይተው ኮታቸውን አጠለቁ። አምስት ናቸው አሉ፤ አንዱ ጋዜጣ ይዟል። እሷም ልትነሣ ስትል ትከሻዋን ይዘው መልሰው አስቀመጧት። እሷን ካዩ መጀመሪያ የሚያደርጉት ካርዶቹን መንቀል ነው፤ የሚፈልጉት እሳቸውን ከሆነ ደግሞ እሳቸው ይሄዱላቸዋል።

«ወሬ እንደምወድ ታውቂያለሽ» አሉና ወጡ።

ወስፌ በኮሪደሩ በኩል ድምፃቸውን ትሰማ ነበር። የመያዣ ወረቀት ጠየቁ። መነጽር አስፈለጋቸው። ሁለተኛው መስመር አልገባኝም ብለው ጮክ ብለው አነበቡት። አንዱ ሲገፋቸው ግድግዳው ድው ሲል ተሰማ፤ እሳቸው ግን ከፊደል ግድፈቱ ጀምረው ወረቀቱን ማረም ቀጠሉ።

ስክሪኑ ላይ መጣፊያው የደረሳቸው ሦስት መቶ ዘጠና ሆኑ።

ሦስት መቶ ዘጠና ስድስት።

አራት መቶ።

ካርዶቹን ነቀለች። የቆሻሻ ወረቀት ካርቶን ታቅፋ ፊቷን ከለለችና በኋለኛው በር ደረጃ ወረደች። ሁለት ሰዎች እየሮጡ ወደ ላይ አለፏት፤ መልኳን የሚያውቀው አጎቴ ብቻ ነው፣ እሱም ኮሪደሩ ላይ ከጋሼ ጋር ተፋጧል። ካርቶኑን ገንዳ አጠገብ አስቀምጣ መንገዱን ተሻገረች።

በዚያው ሳምንት ያው ረጅም ስም የሁለት ሌሎች ሆስፒታሎችን በር አንኳኳ። በረኛው አላስገባውም።

ጋሼ አራት ወር ታሰሩ። መግለጫውን አራት መቶ መሥሪያ ቤት ስላነበበው ክሱ ውሃ በላው፤ አንዲት ወረቀት ሰጥተው ለቀቋቸው፣ ይቅርታ የሚል ቃል የለባትም። ኩባንያው አልመለሳቸውም። ኮሪደሩ ላይ የተሰበረው ክንዳቸው ጠሞ ስለ ገጠመ ዛሬ የሚጽፉት በአንድ እጃቸው ነው። አጎቴ «በጤና ምክንያት» ጡረታ ወጣ፤ ንግግር ተደርጎለት፣ ተጨብጭቦለት። ወስፌ ይህን ሁሉ ከጋዜጣ አነበበች። ሁለት ጊዜ ለጋሼ ደብዳቤ ጀመረች። እሳቸው ጋ የሚደርስ ደብዳቤ ሁሉ እንደሚከፈት ስለምታውቅ ሁለቱንም ቀደደች። ንዴቱ እስካሁን አልወጣላትም፤ እንዲወጣላትም አትፈልግም።

አሁን ሩቅ ከተማ፣ በአንድ የውሃ መሥሪያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ፣ የይለፍ ቃል የረሱ ሠራተኞችን ታስገባለች። ባለፈው ሰኞ የመዝገብ ቤቷ ሴትዮ ግማሽ ቀን ተቸግራ ቆይታ ኮምፒዩተሯ ሲከፈትላት ደስ አላት።

«ተባረኪ እቴ። ለኃላፊው ማን ረዳኝ ልበለው?»

ወስፌ ወንበሩን ወደ ቦታው መለሰች።

«ጥገና ክፍል በይው።»