በሩ ሲዘጋ የተቋረጠው ድምፅ

የመዘምራኑ አለቃ ኤምሊን አንገቱ ተሰብሮ ከሰገነቱ ደረጃ ሥር ተገኘ። መርማሪ ሜሬሪድ ከጎረቤት ተጠርታ እንደገባች፣ ከጣሪያው የተናደ በረዶ የጸሎት ቤቱን ብቸኛ በር ደፈነው። ስድስት ዘማሪዎችና እሷ ከሬሳው ጋር ውስጥ ቀሩ።

ሲለማመዱ የነበረው የአሥሩን ደናግል መዝሙራዊ ድራማ ነው። ሙሽራው በሩን ሲዘጋ መብራት ሁሉ ይጠፋል፤ ስድስቱም በጨለማ አንድ ዜማ ሳያቋርጡ ሦስት ደቂቃ ይይዛሉ። ኤምሊን ከላይ ሆኖ ሊያዳምጥ ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ነበር። በዜማው መሃል አወዳደቁን ማንም አልሰማም፤ መብራቱ ሲበራ ሞቶ ነበር።

በዌልስ መንደር የባልና ሚስት ጠብ ምስክር አያጣም። ሁሉም ጣቱን ከዘማሪዎቹ አንዷ በሆነችው በኤምሊን ሚስት በኔስታ ላይ ቀሰረ።

«ትናንት ‹አንድ ቀን እገፈትርሃለሁ› ስትለው ሰምቻለሁ» አለ ሽማግሌው ኢድዋል።

«ብዬዋለሁ። ሠላሳ ዓመት አብሬው ኖሬ ያላልኩት ምን አለ?» አለች ኔስታ። «ግን ከቦታዬ አልተነሳሁም። ማን ያምነኛል? በሩም ተዘጋብኝ፣ እናንተም ተዘጋችሁብኝ።»

ሜሬሪድ አዘነችላት፤ ሐዘን ግን ማስረጃ አይሆንም። ኤምሊን ልምምዱን የሚቀርጽበትን ስልክ ከኦርጋኑ ላይ አነሳችና ስድስቱንም ዘማሪዎች ፊት ለፊቷ አስቀመጠች።

«አባባ ትሬፎር፣ ሦስት ደቂቃ ሙሉ ስትዘምሩ መቼ ትተነፍሳላችሁ?» ብላ ሌላውን ሽማግሌ ዘማሪ ጠየቀች።

«በየድምፁ ሁለት ሁለት ነን፣ ልጄ። አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይይዛል። ሰሚው አያውቅም።»

ቅጂውን አሰማቻቸው። የአራቱ ሴቶች ድምፅ እንደ ክር ሳይበጠስ ሄደ። የወንዶቹ ወፍራም ድምፅ ግን መሃል ላይ ሁለት ጊዜ ተቆረጠ፤ በተቆረጠ ቁጥር የሚያፏጭ ደረት ተሰማ።

«የኔስታ ድምፅ ስላልተቋረጠ ኔስታም አብራት የምትይዘውም ቦታቸው ላይ ነበሩ» አለች ሜሬሪድ። «ወፍራሙን የያዘው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። ይህ ደረት የማን ነው?»

የከሰል ማዕድን አቧራ ደረቱን የበላው ትሬፎር አንገቱን ደፋ።

«የእኔ ነው። ኢድዋል ከጎኔ አልነበረም።»

«ለምን ዝም አሉ?»

«አርባ ዓመት በተራ የተነፈስኩት ከእሱ ጋር ነው። እንዴት ብዬ ልናገር?»

ኢድዋል ቀስ ብሎ ተናገረ። «የሙሽራውን ድርሻ ዛሬ ነጠቀኝ። ለምን ብዬ ልጠይቀው በጨለማው ሰገነቱ ላይ ወጣሁ። ‹እንዲህ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ያለው ሙሽራ አላውቅም› አለኝ። ያን ጊዜ ገፋሁት።»

ከውጭ አካፋ በረዶውን ሲዝቅ ተሰማ። በሩ ሲከፈት ኔስታ ቀድማ ወጣች። ኢድዋል አልተነሳም፤ ትሬፎርም አጠገቡ ተቀመጠ።