ለደወሉ የተመረጠ ቅጽል

የጽሑፍ መምህሩ ጠረጴዛቸው ላይ ተደፍተው ተገኙ። ቀይ እስክሪብቷቸው ከጣታቸው አልወጣም፤ ሰው እንዳዋረዱ ኖረው ሰው እንዳዋረዱ ሞቱ። ማጅራታቸው ላይ ክብ ስብራት አለ። የተመቱበት ዕቃ ግን አልተገኘም።

ኮማንደሩ አልተቸገረም። ቤቱ ውስጥ ከሟቹ ጋር ያደሩት ታላቅ እህታቸው ብቻ ናቸው፤ ሬሳውን ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ያገኙትም እሳቸው። በካቴና አስሮ ኮሪደሩ ላይ አስቀምጧቸዋል።

«ሠላሳ ዓመት አብስለው ሲያበሉት አንድ ቀን አላመሰገናቸውም» አለ ለመርማሪዋ። «እኔ ብሆን በሁለተኛው ዓመት ነበር የምገድለው። እስከ ምሳ ሰዓት ሌላ ሰው ካላመጣሽ ይዣቸው እሄዳለሁ።»

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ሴትዮዋ አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«እትዬ፣ ትናንት ምን ሰሙ?»

«ምንም፣ ልጄ። በሩ ከተዘጋ አልገባም። አንዴ ሻይ ይዤ ብገባ ያንን ደወሉን ደወለብኝ። ከዚያ ወዲህ እስኪነጋ አላንኳኳም።»

ደወሉ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የእንጨት እጀታ ያለው ከባድ ነሐስ። መምህሩ ለሦስት ተማሪዎቻቸው በየጊዜው አንድ ተራ ስም ይሰጣሉ፤ በር፣ ማንኪያ፣ ወንበር። ተማሪው ለስሙ ቅጽል መርጦ ያነባል። ቅጽሉ የሰለቸ ከሆነ ደወሉ ይጮኻል። ግድግዳው ላይ «ያላየኸውን አትጻፍ» የሚል ተለጥፏል። ነገሩን ከሌላ ነገር ጋር ያመሳሰለ፣ ከሐሳቡ የፈጠረ ሁሉ ተደውሎበታል።

መርማሪዋ ጓንት አጥልቃ ደወሉን አነሳች፣ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። ከዚያ በደረቷ ተኝታ መጻሕፍት መደርደሪያው ሥር እጇን ሰደደች።

«የጠፋብሽ ነገር አለ?» አለ ኮማንደሩ።

«ተገኘ።» ትንሽ ነገር ፖስታ ውስጥ ከተተች።

ከሦስቱ ተማሪዎች መጀመሪያ ጡረታ የወጡትን ዳኛ አነጋገረች። «የትናንቱ ቃል "ጫማ" ነበር» አሉ። «እኔ ላይ ሁለት ጊዜ ደወሉ። ልብስ ሰፊዋ ላይ አሥራ አንድ ጊዜ። ስንቱን እስር ቤት ልኬአለሁ፤ እንደዚያ ያዋረድኩት ሰው ግን የለም።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «ልብስ ሰፊዋ የሞተች ልጇን ጫማ ነበር የጻፈችው። "ትንሽ፣ ቆንጆ፣ ምስኪን" አለች። "ልጅሽ አንዴ ሞታ ነበር፤ አንቺ በእነዚህ ቅጽሎች ደግመሽ ገደልሻት" አሏት። ከዚያ ለዛሬ ደወሉን ግለጹ ብለው አሰናበቱን።»

«የሳቀባት ሰው ነበር?»

«እኔም ዳኛውም። ደወሉ ወደ እኔ እንዳይዞር ብዬ ነው የሳቅኩት።»

ልብስ ሰፊዋ በመርፌ የተበሳሱ ጣቶቿን እያሻሸች፣ «በቀጥታ ቤቴ ገባሁ። ምን ልሠራ እመለሳለሁ?» አለች።

ከምሳ ሰዓት በፊት ሁሉም በየወንበራቸው ተቀመጡ። እህትየው ካቴናቸውን በነጠላ ሸፍነው በሩ ሥር ቆሙ። መርማሪዋ ተማሪዎቹ የቤት ሥራ ከሚከቱበት የውጭ በር ሳጥን ሦስት ወረቀት አውጥታ ነበር።

«ሦስታችሁም ይህን የከተታችሁት እንደ ደንቡ ዛሬ ጧት አንድ ሰዓት ላይ ነው። የክቡር ዳኛ ደወል ቢጫ፣ ከባድ፣ ጯሂ ነው። የፋርማሲስቷ አንጸባራቂ፣ ቀዝቃዛ፣ ጯሂ። ሦስተኛው ወረቀት ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ዲዳ።»

«ቢሆንስ?» አለ ኮማንደሩ። «ግጥም ነዋ።»

«እዚህ ክፍል ግጥም አይፈቀድም። ግድግዳውን አንብብ።»

ደወሉን አንስታ በኃይል ነቀነቀችው። ዳኛውና ፋርማሲስቷ ከልማድ የተነሳ ተሸማቀቁ። ድምፅ ግን አልወጣም።

«ትናንት ከአሥር ጊዜ በላይ ጮኋል። ውስጡ የሚንጠለጠለው መምቻ የተነቀለው ደወሉ ማጅራታቸው ላይ ሲያርፍ ነው፤ መደርደሪያው ሥር አገኘሁት። ገዳዩ ደወሉን ጠርጎ ቦታው መለሰው። እሱ ከወጣ በኋላ ይህ በር እስከ ሁለት ሰዓት አልተከፈተም፤ ወረቀቶቹ ግን በአንድ ሰዓት ሳጥን ገብተዋል። ታዲያ ደወሉ መጮህ እንዳቆመ በአንድ ሰዓት ማን ያውቃል? ሲያቆም ያየው ሰው ብቻ።»

ማንም ወደ ልብስ ሰፊዋ አላየም። እሷ ራሷ ተነሳች።

«ወረቀቴን ልወስድ ነው የተመለስኩት። በቀዩ እየሰረዘው ደረስኩ። የልጄን ስም ሳይቀር ሰርዞታል።»

«"ጯሂ" ብለሽ ብትጽፊ እኮ ማንም አይደርስብሽም ነበር» አለ ኮማንደሩ፤ ከልቡ አዝኗል።

«ጻፍኩት። ከዚያ ሰረዝኩት። እጄ እምቢ አለኝ፤ ሦስት ዓመት ያስተማረኝ ይህንኑ ነው።»

ካቴናው ከአሮጊቷ እጅ ወጥቶ እሷ እጅ ላይ ገባ። አሮጊቷ አንጓቸውን እያሻሹ አለቀሱ፤ ለወንድማቸው ይሁን ለእሷ አይታወቅም። በሩ ጋ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ዘወር አለች።

«ቃሉ ግን ጥሩ ነው?»

መርማሪዋ መዋሸት አልሆነላትም። «የሚሰረዝ ነገር የለውም፣ እህቴ።»

የሴትየዋ ፊት እንደ ሕፃን በራ። «ይነበባል?»

«ይነበባል» አለች መርማሪዋ፣ ወረቀቱን ከማስረጃው ጋር እያሸገች። «ችሎት ፊት።»